በማታው ድምፅ ቤት

አለቃዋ ከሾፌሩ አጠገብ ያለውን የፊት ወንበር ቀድማ የያዘችው መንገድ ለማየት ብላ አይደለም። እዚያ የተቀመጠ ሰው ከኋላው ለሚወራው ሁሉ ዞሮ መልስ እንዲሰጥ አይጠበቅበትም። ሞተሩም አለ፤ አንድ ነገር ተብላ ዝም ብትል፣ ሞተሩ ነው ተብሎ ይታለፍላታል። ይህን ሁሉ ገና ጎህ ሳይቀድ አውጥታ አውርዳዋለች። ደጇን ስትቆልፍም በሆዷ፣ «ፈጣሪዬ፣ የዛሬን ብቻ በሰላም አሻግረኝ» ብላ ነው የወጣችው።

ጆሮዋ ከድቷታል። ግራው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀኙ ደግሞ ቀስ በቀስ እየራቀ ሄዶ፣ አሁን የሰው ንግግር ከግድግዳ ወዲያ የሚያጉረመርም ነገር ሆኖባታል። ሌላ ሰው ቢሆን ያዝናል፣ ሐኪም ያያል፣ ለቤተሰቡ ይናገራል። እሷ ግን የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ክፍል አለቃ ናት። የምትኖረው በጆሮዋ ነው፤ ስሟም የተጠራው በጆሮዋ ነው። አንድ ጊዜ በስልክ የሰማችውን ድምፅ አትረሳም ይባልላታል፤ ሐኪሞቹ ገና «ሃሎ» ሳይሉ በትንፋሻቸው ትለያቸው ነበር።

ሥራ ላይ ስትሆን ማዳመጫውን እስከ መጨረሻው ከፍ ታደርገዋለች። ሌሎቹ ሴቶች የየራሳቸውን ማዳመጫ ስለሚያደርጉ የእሷን የሚሰማ የለም። ማዳመጫ በሌለበት ቦታ ደግሞ ከንፈር ታነባለች። ማንም አላስተማራትም፤ ሲጨንቃት ጊዜ ዓይኗ ራሱ ተማረ። እንዲህ እንዲህ እያለች ከረመች። በቅርቡ ግን ለማዋለጃ ክፍል የመጣ ጥሪ ወደ ቀዶ ጥገና ላከች። የደወለው ባል ድምፅ ተቆራርጦባት ነበር። ጥሪው በኋላ እንዴት ተቃንቶ ወደ ቦታው እንደ ደረሰ አላወቀችም፤ ለመጠየቅም አልደፈረችም። እናትየውም ልጁም ደህና መሆናቸውን ከሰማች በኋላ እንኳ፣ ያ ቀን አልለቀቃት አለ።

የማዞሪያ ክፍሉ ሴቶች በዓመት አንድ ቀን ተሰብስበው ሽርሽር ይወጣሉ። ዘንድሮ ቦታውን የመረጠችው እሷ ናት፤ «የማታው ድምፅ» የሚኖርበት ትንሽ ከተማ። ያ ሰው ስንት ዘመን በየማታው በሬዲዮ ተረት ሲተርክ የኖረ ነው። በምሽት ተራቸው አንዲት ትንሽ ሬዲዮ መስኮቱ ላይ ያስቀምጡና፣ በአንዱ ጆሯቸው ጥሪ፣ በሌላው እሱን ይሰሙ ነበር። ጥሪ ሲበዛና ታሪኩ ሲያመልጣቸው፣ አንዷ የሰማችውን ለሌላዋ እየነገረች ይቀጣጥሉት ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ከአየር ላይ ጠፋ። ሰው ግን አልረሳውም፤ ቤቱ ድረስ በመኪና እየሄደ፣ አንዳንድ ታሪክ አስነብቦ ይመለሳል። አለቃዋም ጨርሳ ሳትደነቁር፣ ቅርብ ተቀምጣ፣ አንድ ጊዜ ልትሰማው ፈለገች። ሌላ ምኞት አልነበራትም።

መንገዱን አጋምሰው ሳሉ ትከሻዋን አንድ እጅ ነካት። ዞረች። መርፌ ናት፤ በእጇ ሻርፕ ይዛለች።

መርፌ የክፍሉ ምክትል ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ምላሷ ሳይታሰብ የሚወጋ። ስሙን ያወጣችላት ራሷ አለቃዋ ናት፤ መርፌም ወዳው ተቀበለችው። ወሬዋን ከንፈሯ ላይ ለማንበብ ትቸግራለች፣ ትፈጥናለችና። አሁን ግን ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው።

«ተራሽ ነው እትዬ። ማነኝ።»

«ማነኝ» የእነሱ ጨዋታ ነው። አንዷ ዓይኗን ትሸፈናለች፤ ሌላዋ ድምፅዋን እንደ ሽማግሌ ወይም እንደ ሕፃን ለውጣ አንድ ነገር ትላለች፤ የተሸፈነችው ማን እንደ ሆነች ትናገራለች። የተሳሳተች መንገዱን ሙሉ መሳቂያ ሆና ትውላለች። ከስልክ ሴቶች በቀር ማን እንዲህ ያለ ጨዋታ ይጫወታል። አለቃዋ ደግሞ ተሸንፋ አታውቅም።

ከመርፌ ትከሻ በላይ የሁሉም ፊት እየጠበቀ ነበር። አዲሷ፣ ገና ሥራ የምትለምደው ልጅ፣ ወንበሯ ላይ ተንበርክካ ወደ ፊት ተንጠራርታለች። የእትዬን ጆሮ ስትሰማ የኖረችው በዝና ነው፤ ዛሬ በዓይኗ ልታየው ነው።

ሻርፑ ወደ ፊቷ ሲቀርብ አለቃዋ ፊቷን ወደ ኋላ ሳበች። ዓይኗ ከተሸፈነ አለቀላት።

«ዛሬ የምሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው» አለች፣ ሻርፑን በእጇ መለስ አድርጋ። «ጆሮዬን ለእሱ አስቀምጬዋለሁ። በእናንተ ጩኸት አላስደፍነውም።»

ሳቁ። ጥርሳቸውን አየች። መርፌ ግን አልሳቀችም። ሻርፑን አጣጥፋ፣ እንደ ገና ዘርግታ፣ እንደ ገና አጣጥፋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። አለቃዋም ወደ መንገዱ ዞረች፤ ከማጅራቷ ላይ ግን የዚያች ሴት ዓይን አልነሳ አላት።

ከተማዋ መግቢያ ላይ ዝገት የበላው ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል። ጎልማሳ ሰው ተስሎበታል፤ ግማሽ ፊቱን ማይክሮፎን ሸፍኖታል። ፀጉር ቤቱ በእሱ ስም ነው፣ ሻይ ቤቱ በእሱ ስም ነው፣ ጎማ የሚጠግነው ሳይቀር በሩ ላይ ማይክሮፎን አስሏል። ሾፌሩ ቤቱን መጠየቅ አላስፈለገውም። ዕቃ የተሸከመች ሴት መኪናውን ገና እንዳየች በአገጯ ወደ ላይኛው መንገድ አመለከተችው፤ ለስንቱ እንዳመለከተች ከሁኔታዋ ያስታውቃል።

ቤቱ ውስጥ ሰፊ ክፍል፣ በግድግዳው ዙሪያ አግዳሚ ወንበሮች፣ መሐል ላይ አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር አለ። ጥግ ላይ የቆየ ትልቅ ሬዲዮ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። የተቀበላቸው ሽማግሌ ቁመተ ረጅም፣ ኮት የለበሰ ነው፤ ጢሙ ጥቅጥቅ ብሎ ወርዶ አፉን ውጦታል። አለቃዋ ጢሙን ስታይ ወኔዋ ከዳት። ከእንዲህ ያለ አፍ አንዲት ቃል አይለቀምም። እጇን ጨብጦ ምን እንዳላት አላወቀችም፤ «አሜን፣ አሜን» ብላ አለፈችው። ለአብዛኛው ሰላምታ ይበቃል።

መስኮቱ ዳር ሌላ ሽማግሌ ተቀምጧል። ቀኑ ሞቃት ሳለ አንገቱን በወፍራም ስካርፍ ጠምጥሞታል፤ ጢሙ ሙልጭ ተደርጎ የተላጨ ነው። ባለ ጢሙ ወደ እሱ እያሳየ አንድ ነገር አለ፤ ሴቶቹም በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አለቃዋ አብራ ነቀነቀች። ወንድማማቾች መሆናቸው ከግንባራቸው ያስታውቃል፤ ይኼኛው አቅም ያነሰው፣ የማይናገር እንደ ሆነ ገመተች። ከዚያ ከጥግ አንድ ትንሽ ወንበር ስባ ለራሷ ቦታ መረጠች። ከመሐለኛው ወንበር ቅርብ፣ ቀኝ ጆሮዋን ወደ እሱ አድርጋ። ከቀረላት ላይ አንዲት ነገር እንኳ እንዳታመልጣት።

ባለ ጢሙ መነጽሩን አደረገ፣ ወረቀቶቹን አነሣ። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ማዞሪያ ላይ የኖረ ሰው አጥርቶ መስማት ሲፈልግ ይጨፍናል። አለቃዋም አላስቻላትም፣ ጨፈነች። በዚያ ጨለማ ውስጥ ያንን ድምፅ ጠበቀች፣ ከቃሉ በፊት ቀስ ብሎ የሚገባውን ትንፋሽ ጭምር። የመጣላት ግን ያው ከግድግዳ ወዲያ ያለው ማጉረምረም ነው። የማንም ሊሆን ይችላል። ጨርሶ መሽቶብኛል አለች በልቧ።

ዓይኗን ስትገልጥ የሌሎቹም ዓይን ሲገለጥ አየች። አንድ በአንድ፣ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር። አዲሷ አፏን ከፍታለች። ሁለቱ እርስ በርስ ተያዩ።

መደነቅ መሰላት። እነሱ ተደንቀው እሷ እንደ ግንድ ተገትራ እንዳትታይ ፈራች። አለቃ ናት፣ ያመጣቻቸውም እሷ ናት፤ አንድ ነገር ማለት አለባት።

«እሱ ነው!» አለች። ጮክ ማለቷን ያወቀችው ሰውዬው ሲደነግጥ ነው። «ያው ራሱ! እርጅና ቅንጣት አልነካውም።»

ወረቀቱ ወደ ጉልበቱ ወረደ። የሴቶቹ ፊት ሁሉ ወደ እሷ ዞሮ፣ ደርቆ ቀረ። የሚያመሰግን ሰው ፊት እንዲህ አይደለም። ስህተቷ ምን እንደ ሆነ አላወቀችም፤ መሳሳቷን ግን እስከ ጣቶቿ ጫፍ ድረስ አወቀችው። አዲሷ ወደ መርፌ ዘንበል ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች። አለቃዋ የአዲሷን ከንፈር አላየችም፤ የመርፌን መልስ ግን ፊት ለፊት አየችው፤ ልጅቷ እንድትሰማ ብላ እየረገጠች ነበር የተናገረችው።

«እሱ እንዳልሆነ እትዬም ታውቃለች። ለባለቤቶቹ ክብር ብላ ነው። ሰምታ አልሰማችም። አንቺም አፍሽን ዝጊ።»

«ሰምተሽ አልሰማሽም» የክፍላቸው ሕግ ነው። በመስመር ላይ ያለፈ የሰው ገመና ከጆሮ አያልፍም። አዲሷ አፈረች፤ ከዚያ ወደ አለቃዋ የወረወረችው አስተያየት አክብሮት የተሞላ ነበር። ሌሎቹም ነገሩ ገባቸውና ፊታቸው ላላ። ይህች ናት የእኛ እትዬ፣ የሚል ፊት ነው።

ድናለች። ማንም አላወቀባትም። እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ ከፍ አለች። ሰውዬውም ትንፋሹ ተመልሶለት ንባቡን ቀጠለ። አለቃዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀመጠች። እሱ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ እሱ የት ነው?

ዓይኗ ሳታዘው ወደ መስኮቱ ሄደ።

ስካርፍ የጠመጠመው ሽማግሌ ወደ ውጭ እያየ ነበር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ ጸሎት መሰላት። ከዚያ ደረቱ በዝግታ ሲሞላ አየች፤ ቃሉ ከመውጣቱ በፊት የሚገባው ያ ትንፋሽ፣ ስንት ምሽት የምታውቀው። ከንፈሩም ቃላቱን አንድ በአንድ ያስቀምጣቸዋል፤ አይቸኩልም፣ አንዱንም አይውጥም። ከወረቀቱ ሳይሆን ከልቡ ነው። ድምፅ ግን የለውም። ስካርፉ በላላበት በኩል አንገቱ ላይ ጠባሳ ይታያል።

«... ጉድጓድ ቆፋሪው ወደ ታች በወረደ ቁጥር ድምፁ ለጓደኛው ማነስ ጀመረ...»

አነበበችው። አይደለም፣ ሰማችው። ስንት ወር ሙሉ የሰው አፍ ስታሳድድ፣ ቃል ስትለቃቅም፣ የጎደለውን በግምት ስትሞላ የኖረች ሴት፣ አንድም ሳይጎድልባት ሰማች።

ሽማግሌው ግን ወደ ውጭ ዘንበል ሲል አፉ ይሰወራል፤ ዓረፍተ ነገሩ እየተቆረጠ ያመልጣታል። ከተቀመጠችበት ሆና ታሪኩን ልትይዘው አትችልም። መስማት ከፈለገች ተነሥታ፣ ወንበር ይዛ፣ ፊት ለፊቱ መሄድ አለባት። ለሚያነበው ሰው ጀርባዋን ሰጥታ። በዚህ ክፍል ውስጥ ደግሞ ለድምፅ ጀርባውን ሰጥቶ ከንፈር ፊት የሚቀመጥ ሰው ለምን እንደዚያ እንዳደረገ የማይገባት ሴት አንዲትም የለችም።

ተቀመጪ አላት ገላዋ። ድነሻል፣ ምን ያስነሣሻል። ያ የማዋለጃ ጥሪ ትዝ አላት። ነገ ደግሞ ሌላ ጥሪ አለ፤ ነገም ትድን ይሆናል፤ የደዋዩን ማን ያውቃል። ሽማግሌውን አየችው። ይህን ያህል ሰው ቤቱን ሞልቶ፣ አንድ ሰው እንኳ ወደ እሱ አይመለከትም። ምናልባት ዛሬ ብቻ አይደለም፤ መኪና በመጣ ቁጥር እንዲህ ነው የሚቀመጠው።

«አቤቱ፣ እግሬን አጽናው» አለችና ተነሣች።

ወንበሩ ወለሉን ሲፍቀው ለእሷ አልተሰማትም። ከኋላዋ ባለ ጢሙ ማንበብ ማቆሙን፣ መርፌም ሁለት ጊዜ «እትዬ፣ እትዬ» ብላ መጥራቷን የነገሯት በኋላ ነው። ወንበሩን ከመስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ ጉልበቷ የሽማግሌውን ጉልበት ሊነካ እስኪደርስ ቀርባ ተቀመጠች። ደነገጠ። አፉን ዘጋ። እጁ ወደ ስካርፉ ሄደ።

«አባባ፣ ይቀጥሉ» አለችው። «እኔ እሰማዎታለሁ።»

እያየ ቆየ፤ መጀመሪያ ዓይኗን፣ ከዚያ ጆሮዋን፣ እንደ ገና ዓይኗን። ገባው። ከዚያ ደረቱ በዝግታ ሞላ፤ ከንፈሩ ካቆመበት ጀመረ።

አለቃዋ ሳትዞር እጇን አነሣች። ለክፍሉ ሁሉ፣ በዚያ ስንት ሺህ ሰው በሚያውቀው የሥራ ድምፅዋ፦

«ይጠብቁ፣ አገናኛለሁ።»

እሱ በከንፈሩ ሲል፣ እሷ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች በድምፅ አለችው። ቆፋሪው ከጥልቀቱ የተነሣ ጩኸቱ ለላይኛው ጓደኛው መሰማት እንዳቆመ። ገመድ በእጃቸው አስረው፣ አንድ ሳብ ሲያደርጉ «አለሁ» ማለት እንዲሆን እንደ ተስማሙ። የላይኛው አንድ ቀን ገመዱ እንደ ረገበ፣ ቢስብ ቢስብ መልስ እንዳጣ፤ ሰዎች ተወው፣ ሞቷል ሲሉት እንቢ ብሎ ገመዱን በእጁ እንደ ጠመጠመ እዚያው እንደ ተቀመጠ። የሽማግሌው ዓይን ከእሷ አልተነቀለም። ሲፈጥን ትፈጥናለች፣ ሲቆም ትቆማለች። አንድ ቦታ ላይ ትንፋሹን አርዝሞ ያዘ፤ እሷም ያዘች፤ ክፍሉም ያዘ።

«ገመዱም» አለ ከንፈሩ፤ «ገመዱም» አለች እሷ። «ከታች፣ ርጥብ ሆኖ፣ አንድ ጊዜ ተሳበ።»

ታሪኩ እዚያ ያበቃል። ሽማግሌው እጇን ይዞ አንድ ጊዜ ሳብ አደረገው።

ሲዞሩ ባለ ጢሙ መነጽሩን አውልቆ ፊቱን በወረቀቶቹ ሸፍኖ ነበር። የተናገረውን አዲሷ ቀስ ብላ በከንፈሯ እየደገመች አስረዳቻት። ታላቅየው ጉሮሮውን ታሞ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ድምፁ አብሮ ሄደ። ሰው ግን መምጣቱን አልተወም። ታናሽየው መጀመሪያ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ከሩቅ የመጡትን እንዳያሳዝን ብሎ አነበበላቸው፤ ከዚያ ከተማው ሁሉ ደገፈው፤ ከዚያ ማቆም አቃተው። ወንድሙ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ሲነበብ እዚያው ክፍል ውስጥ ልቀመጥ የሚል። ሴቶቹ አልፈረዱበትም። ከመውጣታቸው በፊት ሁሉም ወደ መስኮቱ ሄደው የሽማግሌውን እጅ ጨበጡ፤ ከተማው ውስጥ ስላዩት ነገር ለማንም ላለመናገርም ሕጋቸው አለ።

ሲመለሱ አለቃዋ የፊት ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። ኋላ፣ ሁሉንም ወደምታይበት ቦታ ሄዳ ተናገረች። ግራው መቼ እንደ ሄደ፣ ቀኙ እንዴት እንደ ሆነ፣ ያንን የማዋለጃ ጥሪም። ሰኞ ጠዋት ለዳይሬክተሩ ራሷ እንደምትነግር፣ ማዳመጫዋንም መርፌ እንደምትረከባት ተናገረች።

መርፌ ተነሥታ ፊት ለፊቷ መጥታ ተቀመጠች።

«ጥሪውን ያቃናሁት እኔ ነኝ» አለች። «ሻርፑን ያመጣሁትም ጆሮሽን ልፈትን ብዬ ነው። እምቢ ስትይ፣ ሰኞ ለዳይሬክተሩ ልናገርብሽ ቆርጬ ነበር።»

«እዚያ ቤት ያዳንሽኝ ግን አንቺ ነሽ።»

«በሰው ቤት አለቃዬን አላዋርድም። ሰኞ ሌላ ነው።»

አለቃዋ ሳቀች፤ ሳይታሰባት ነው፤ መርፌ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗ ርሷል። ከዚያ ስለ ሥራው ማውራት ጀመሩ፤ አዲሶቹን ማን እንደሚያስተምር፣ ማዳመጫ ሳይደረግ ሊሠራ የሚችል ምን ሥራ እንዳለ፣ ዳይሬክተሩ ሊቆጣ እንደሚችል፣ ሊያሰናብታትም እንደሚችል። መርፌ አላባበለቻትም። እየመሸ ሄደ። ዛፎቹ ጠቆሩ፣ ከዚያ የመኪናው ውስጥ ጠቆረ፤ የመርፌ ከንፈር ቀስ በቀስ እየደበዘዘ፣ ወሬው መሐል ላይ እየተቆረጠ፣ አለቃዋን ያ የቆየ ፍርሃት መልሶ ሊይዛት ዳዳ። ዓይኗን አጥብባ ወደ ፊት ተጠጋች። ምንም አልጠየቀችም።

መርፌ ቃሏን አቋርጣ ወደ ሾፌሩ ዞረች። ምን እንዳለችው አለቃዋ አላየችም። ሾፌሩ በእጁ ወደ ጨለማው መንገድ እያመለከተ ራሱን ሲወዘውዝ፣ መርፌም ተነሥታ ሄዳ ከራሱ በላይ ስትቆምበት ግን አየች።

ከላይ ትንሿ ቢጫ መብራት በራች። መርፌ ተመልሳ መጣችና ፊቷን ወደ ብርሃኑ አድርጋ ተቀመጠች።

«እሺ» አለች፣ ቀስ ብላ። «የት ላይ ነበርን?»